ጋሎኑ፣ ደረሰኙና ውሉ፦ የቤት ማሞቂያ ኦይል ደንበኞች ልምድ

(በማኅበራችን የመፀው ወራት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጠኝ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው የሂሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ስለ ቤት በጀት እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን ርዕሱን አጥብቤ ስለ አንድ ወጪ ብቻ መናገር መርጫለሁ። እሱም የቤት ማሞቂያ ነዳጅ፣ ሁላችንም «ኦይል» የምንለው ነው። ምክንያቱም ያለፈውን ዓመት የአስቸኳይ እርዳታ ሂሳባችንን ስንዘጋ፣ በብርዱ ወራት ካወጣነው ገንዘብ ትልቁን ክፍል የወሰደው ይኸው ኦይል ሆኖ ተገኘ። ለሕክምናም፣ ለቤት ኪራይም፣ ለለቅሶም ካወጣነው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችሁ ደረሰኞቻችሁንና ውሎቻችሁን ሰጥታችሁኝ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው። የባለታሪኮቹንም የኩባንያዎቹንም ስም አልጠራም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ ለመጡት እህቶቻችን በአጭሩ ላስረዳ። አብዛኛው አሜሪካዊ ቤቱን የሚያሞቀው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ነው። እኛ በምንኖርበት በሰሜን ምሥራቅ፣ በተለይ በማሳቹሴትስ፣ በኮነቲከትና በሜይን ግን ኦይል የሚያነዱ ቤቶች ብዙ ናቸው። ኦይሉ አገር ቤት ናፍጣ ከምንለው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ለመንገድ መኪና እንዳይውል ቀይ ቀለም ይገባበታል። በቦቴ መጥቶ በምድር ቤት ወዳለው ታንከር ይቀዳል። የተለመደው ታንከር 275 ጋሎን ይባላል፣ ነገር ግን ለአየር ቦታ ስለሚተው የሚይዘው ወደ 250 ገደማ ነው። መብራትና ጋዝ በመስመር የሚመጡ ናቸው፤ ኦይል ግን ያልቃል። ችግራችን ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ ኦይል ያለቀባት እናት ነው። ይህች አባላችን ሁለት ልጆች አሏት፣ ትንሹ አስም አለበት። ኦይል የምትገዛው ራሷ እየደወለች፣ በዕለቱ ርካሽ ከሆነው ኩባንያ ነበር። ይህ አገዛዝ በራሱ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም በጋሎን ብዙ ሳንቲም ያስቀራል። ችግሩ የመጣው በጃንዋሪ አንድ ቅዳሜ፣ በረዶ ከጣለ በኋላ ነው። ስትደውል «ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀን እንመጣለን» አሏት። ዛሬውኑ ከፈለገች የአስቸኳይ ክፍያ አለ። ከ100 ጋሎን በታች አያመጡም። ታንከሩ ፈጽሞ ስለደረቀ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ ያን አየር አስወጥቶ ቦይለሩን የሚያስነሳ ቴክኒሺያን ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው። ሳንቲም ስትቆጥብ የከረመችው እናት በአንድ ቀን ያተረፈችውን ሁሉ መልሳ ከፈለች።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፦ የታንከሩ ጠቋሚ ሩብ ሲደርስ ይደወል። ሩብ ማለት 60 ጋሎን ያህል ነው። በጥልቅ ብርድ አንድ መካከለኛ ቤት በቀን 8 ጋሎን ሊያነድ ስለሚችል፣ ሩብ ታንከር የአንድ ሳምንት ስንቅ ነው። ከሩብ በታች ሲወርድ ደግሞ ከሥር የተኛው አተላ ተስቦ ማጣሪያውን ሊደፍነው ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ አባቶቻችን!

ድንገት ካለቀ ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ከነዳጅ ማደያ በቢጫ ጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ቦቴው እስኪመጣ ድረስ በታንከሩ ውስጥ ሊጨመር ይችላል፤ ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሞከርም፣ እሳት ነው። ሁለተኛ፣ ቦይለሩ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫኑት። ደጋግሞ መጫን ያልተቃጠለ ኦይል በማንደጃው ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ኋላ ሲነሳ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ይህን ስናገር የማልዘለው ጉዳይ አለ። በዚያች ቅዳሜ ሌሊት ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ፣ እናትየው ለቡና የምትጠቀምበትን የከሰል ምድጃ አቀጣጥላ መኝታ ቤት አስገባች። እንዲህ ማድረግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በደጋ አገር ያደግን ሁሉ ከሰል ከብበን ሞቀናል። ነገር ግን የአገራችን ቤት በርና ጣሪያው አየር ያስገባ ነበር። የዚህ አገር ቤት ለብርዱ ተብሎ የተደፈነ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ያስመስላል። ያዳናቸው ጣሪያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ መጮኹ ነው። የማሳቹሴትስ ሕግ ከ2006 ጀምሮ ነዳጅ በሚነድባቸው መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ይህ መሣሪያ እንዲኖር ያስገድዳል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑት። ካልጮኸ ባትሪውን ቀይሩ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነም ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ከሰልም፣ የተከፈተ የጋዝ ኦቨንም የቤት ማሞቂያ አይደሉም።

ሁለተኛው ታሪክ የአንዲት እናታችን ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከኩባንያው ጋር ብዙ ዓመት ቆይተዋል፣ ኦይሉም ሳይደውሉ በራሱ ጊዜ ይመጣላቸዋል። ይህ «አውቶማቲክ» የሚባለው አሠራር ነው። ኩባንያው ታንከሩን ሳያይ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው በሂሳብ ነው፤ ሂሳቡም ከባድ አይደለም። የዕለቱ አማካይ ሙቀት ከ65 ዲግሪ ፋራናይት ይቀነሳል። አማካዩ 25 ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው፤ ይህን «ዲግሪ ዴይ» ይሉታል። የእርስዎ ቤት በየ5 ዲግሪ ዴይ አንድ ጋሎን የሚያነድ ከሆነ በዚያ ቀን 8 ጋሎን ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ እየደመሩ 150 ወይም 175 ጋሎን ሲሞላ ቦቴውን ይልካሉ።

አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ለአረጋውያንና ለታመሙ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። የቤቱ ሁኔታ ሲለወጥ ኩባንያው አያውቅም። ልጆች ሲወጡና ፎቁ ሲዘጋ፣ ወይም በተቃራኒው ሕፃን ሲወለድና ሙቀቱ ሲጨመር፣ ሂሳቡ ይሳሳታል። ስለዚህ ደውሎ መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ዋጋው ነው። እኚህ እናታችን ደረሰኙ በር ላይ ተሰክቶ ሲያገኙት ታጥፎ መሳቢያ ይገባል፤ ቁጥሩን የሚያነብላቸው አልነበረም። እኔ ስደምረው፣ ያው ኩባንያ በዚያው ሳምንት ለአዲስ ደንበኛ ካስተዋወቀው ዋጋ በጋሎን ከአንድ ዶላር በላይ ይከፍሉ ነበር።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ የባህል ልዩነት አለ። እኛ ደንበኛ ስንል የቆየ ሰው ማለታችን ነው። በገበያ የበርበሬ ነጋዴዋ ለደንበኛዋ ምርቃት ትጨምራለች፤ ዘወትር የሚመጣ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ መጠየቁም ነውር ይመስላል። በዚህ ንግድ ግን ብዙ ጊዜ ምርቃቱ የሚሰጠው ለአዲሱ ሰው ነው፤ የቆየውና ዝም ያለው ሙሉውን ይከፍላል። እናታችን ያፈሩት «ያውቁኛል፣ አይጎዱኝም» ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ደውላ «የዛሬ ዋጋችሁ ስንት ነው? ለአያቴስ ለምን ይህን አታደርጉላትም?» ብላ ስትጠይቅ፣ ስልኩ ላይ እያለች ዋጋው ተቀነሰ። ቁጣም ክርክርም አላስፈለገም። መጠየቅ ብቻ በቂ ነበር። በዓመት 600 ጋሎን ለሚያነድ ቤት በጋሎን የ50 ሳንቲም ቅናሽ 300 ዶላር ነው።

ዋጋውን ለማወዳደር በወሬ መሄድ አያስፈልግም። የክልላችን የኢነርጂ ሀብት መሥሪያ ቤት በብርዱ ወራት በየሳምንቱ የኦይል አማካይ ዋጋ ያወጣል። የእናንተ ደረሰኝ ከአማካዩ በጣም ርቆ ከሆነ የምትደውሉበት ምክንያት አላችሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ ውል ነው። ብዙ ጥያቄ የመጣልኝ ከዚህ ነው። የኦይል ዋጋ እንደ ዳቦ የረጋ አይደለም። በ2020 ሰመር በጋሎን 2 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር፤ በ2022፣ ከዩክሬን ጦርነት በኋላ፣ ከ5 ዶላር አልፏል። ሰው ሲደነግጥ ውል ይፈርማል፣ በድንጋጤ የተፈረመ ውል ደግሞ ይቆጫል። አንዲት አባላችን በዚያው በ2022 ዋጋው ጣሪያ ላይ ሳለ ለዓመቱ አንድ የተቆረጠ ዋጋ ፈረመች። በተከታዩ ዓመት ገበያው ሲወርድ እሷ በቆረጠችው ቀረች፣ ለመውጣት ደግሞ የማፍረሻ ክፍያ ነበረው።

የውል ዓይነቶቹ በመሠረቱ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የዕለት ዋጋ ነው፤ ቦቴው በመጣበት ቀን ያለውን ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ገበያው ቢወጣ ትጠቀማላችሁ፣ ቢወርድ ትጎዳላችሁ። ሦስተኛው ጣሪያ ያለው ዋጋ ነው፤ ከተባለው በላይ አይወጣም፣ ገበያው ሲወርድ ግን አብሮ ይወርዳል። ለዚህ መብት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ክፍያ ይጠየቃል፤ ክፍያውን በጋሎን አካፍላችሁ ዋጋው ላይ ደምሩና ነው ማወዳደር። አራተኛው በሰመር ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል ነው። በዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ኩባንያው ቢዘጋ ገንዘባችሁ አብሮ ይሄዳል። በ2008 በኮነቲከት አስቀድመው የከፈሉ ደንበኞች ኩባንያቸው ተዘግቶ ያለ ኦይል ቀርተዋል።

«በጀት ፕላን» የሚባለውን ከእነዚህ ጋር አታደባልቁት። ይህ ዋጋ አይቀንስም፤ ክፍያውን ለወራት ያከፋፍላል እንጂ። ለምሳሌ 800 ጋሎን በ3 ዶላር ከ80 ሳንቲም 3,040 ዶላር ነው፤ በ10 ወር ሲካፈል በወር 304 ዶላር ይሆናል። ደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ ለሚገባ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ዊንተሩ ለስለስ ያለ ከነበረ በመጨረሻ ትርፍ ገንዘባችሁ ኩባንያው እጅ ይቀራል። ያ የእናንተ ገንዘብ ነው። በሜይ ወር የሂሳብ መግለጫ ጠይቁ፤ ይመለስልኝ ማለትም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወርልኝ ማለትም ትችላላችሁ።

ስለ ኩባንያዎች ክፉ ብቻ እንዳላወራ አንድ መልካም ታሪክ ልጨምር። ኦይል ሲቀዳ ከታንከሩ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ ታንከሩ ሲሞላ ፉጨቱ ይቆማል። የአንዲት አባላችን ቤት ኦይል ሊያደርስ የመጣ ሾፌር መቅዳት እንደጀመረ ፉጨት ስላልሰማ ወዲያው አቆመ፣ በሩንም አንኳኩቶ «ምድር ቤት ልይ» አለ። የአየር መውጫው ቱቦ ተደፍኖ ኖሯል። ቢቀጥል ታንከሩ ሊቀደድና ምድር ቤቱ በኦይል ሊሞላ ይችል ነበር። እንዲህ ዓይነት ሾፌር ያለው ኩባንያ በጋሎን 10 ሳንቲም ቢበልጥ አይቆጭም። ዋጋ ብቻ አይታይም ማለቴ ነው። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ? የራሱ ቴክኒሺያን አለው? በዓመት አንዴ አፍንጫውንና ማጣሪያውን ይለውጣል? እነዚህንም ጠይቁ።

በዚሁ አጋጣሚ የቤት ባለቤቶች የሆናችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ከ2011 ጀምሮ የማሳቹሴትስ ሕግ ከታንከሩ ወደ ማንደጃው የሚሄደው መስመር መከላከያ ሽፋን ወይም የደህንነት ቫልቭ እንዲኖረው ይጠይቃል። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ የኦይል መፍሰስን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ሽፋኑ በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ ነው። ወደ ጋዝ ወይም ወደ ሂት ፓምፕ የቀየራችሁም፣ ታንከሩ ሲወጣ የመቅጃው ቱቦ አብሮ መነቀሉን እዩ። ቱቦው ከቀረ፣ አድራሻ የተሳሳተ ሾፌር ባዶ ምድር ቤት ውስጥ ሊቀዳ ይችላል።

ተከራዮችንም አልረሳሁም። በማሳቹሴትስ አከራይ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ሜይ 31 ቤቱን ቀን ቢያንስ 68፣ ሌሊት ቢያንስ 64 ዲግሪ ፋራናይት የማሞቅ ግዴታ አለበት። የኦይሉን ወጪ ተከራይ እንዲከፍል የሚቻለው ይህ በጽሑፍ ውል ላይ ከሰፈረ ብቻ ነው። በቃል «ኦይሉን አንቺ ትሞያለሽ» ማለት በቂ አይደለም። ውሉ ላይ እናንተ እንድትከፍሉ ከተጻፈ፣ ስትገቡ የታንከሩን ጠቋሚ ከቀኑ ጋር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትወጡም እንዲሁ። ሙሉ ታንከር ትታ የወጣች እህት ባዶ እጇን እንዳትቀር ማስረጃው ይህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ስለ እርዳታ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1981 ያቋቋመው የማሞቂያ ወጪ እርዳታ ፕሮግራም አለ። በማሳቹሴትስ ገቢው ከክልሉ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ የማይበልጥ ቤተሰብ ሊያመለክት ይችላል፤ ባለቤትም ተከራይም። የእርዳታው ወቅት ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። ማመልከቻውን የሚቀበሉት የየአካባቢው የማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው፤ ቦስተን ውስጥ ኤቢሲዲ በሚል ስም የምናውቀው። ገንዘቡ የሚከፈለው በቀጥታ ለኦይል ኩባንያው ነው። ለፕሮግራሙ ብቁ የሆነ ሰው ቦይለሩ ሲበላሽም ለጥገና የሚረዳበት መንገድ አለ። ከመንግሥት ውጭም፣ በ1979 ጆሴፍ ኬኔዲ ዳግማዊ ያቋቋሙት ሲቲዝንስ ኢነርጂ ሥራውን የጀመረው ለችግረኛ ቤተሰቦች ኦይል በማቅረብ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቁ የማያመለክቱ አባላት አሉን። አንዷ «ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፣ ምጽዋት አልለምንም» አለችኝ። ክብሯን አከብራለሁ። ነገር ግን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ልንገራት፦ በየደመወዝሽ ላይ ግብር ይቆረጣል፤ ይህ ፕሮግራም የሚከፈለው ከዚያ ነው። አስቀድመሽ የከፈልሽውን ስትወስጂ ምጽዋት አይባልም። ደግሞም አንቺ ካላመለከትሽ፣ ኦይልሽ ሲያልቅ ወደ ማኅበራችን ሣጥን ትመጫለሽ፤ ያ ገንዘብ ለምንም ፕሮግራም ብቁ ላልሆነችው እህትሽ የተቀመጠ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም በግልጽ መናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። የሰጣችሁን ገንዘብ ኦይል ገዝቷል፣ ልጆች በሙቀት አድረዋል፤ እናመሰግናለን። ግን አብዛኛውን የገዛነው በአስቸኳይ ዋጋ፣ በቅዳሜና እሑድ ክፍያ ነበር። በኦክቶበር ቢታሰብበት ኖሮ ያው ገንዘብ ለብዙ ቤት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በየስብሰባችን መጨረሻ አንድ ሰዓት ለማመልከቻ መሙያ ይሁን። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸውን ልጆቻችንና እኔ እንረዳለን። ሁለተኛ፣ ከአስቸኳይ ሣጥኑ የሚወጣ የኦይል ገንዘብ በእጅ አይሰጥ፤ በቀጥታ ለኩባንያው ይከፈል፣ ጋሎኑና ዋጋው የታተመበት ደረሰኝ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ይህ አባልን ባለመተማመን አይደለም፤ ለሰጪዎቻችን የምናሳየው ወረቀት ስለሚያስፈልገን ነው። ሦስተኛ፣ ኦይል የምታነዱ አባላት ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና በዓመት የምታነዱትን ጋሎን አስመዝግቡ። አንድ ቤት 600 ጋሎን ይዞ ዋጋ ቢጠይቅ ማንም አይሰማውም። ሃያ ቤት 12,000 ጋሎን ይዞ ቢጠይቅ ግን ኩባንያው ራሱ ይደውላል። ቦስተን ውስጥ ኦይል በኅብረት የሚገዙ ሸማቾች ከእኛ በፊት ይህን አድርገውታል። እኛም ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ለእኛ ከባድ አይሆንም። አራተኛ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶቻችን በየአካባቢው አንድ አንድ ሰው ትመደብ። ሥራዋ በወር አንዴ ቡና መጠጣት፣ ጠቋሚውን ማየት፣ በር ላይ የተሰካውን ደረሰኝ ማንበብ ነው።

የምዝገባው ወረቀት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባችን ብርዱ ሳይጠና ስለሆነ፣ ያለፈውን ዓመት የኦይል ደረሰኞቻችሁን ሁሉ፣ የታጠፈውንም የተቀደደውንም፣ ይዛችሁ ኑ። አብረን እንደምራለን።